ቀውሱ አንድ፣ ግሽበቱ ልዩ ልዩ፦ ጎረቤት አገሮችን ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ ማየት

አዲስ አበባ ዳርቻ ባለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ እኛ ከምንኖርበት ብሎክ ሥር፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሊጣቸው ጤፍ ብቻ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የጤፉ ዋጋ ሲከብዳቸው ሩዝ ቀላቀሉበት፤ መጀመሪያ ለሦስት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ሩዝ፣ ኋላ ላይ ግማሽ በግማሽ። ከዚያ ሩዙም ተወደደ። አንድ ጠዋት የገዛሁትን እንጀራ ከሳህኑ ላይ ሳነሳው በጣቶቼ መሐል ተቀደደ። በማግስቱ ስጠይቃቸው ሳይሸሽጉ፣ «ልጄ፣ ዋጋ ብጨምር ደንበኛ ይሄድብኛል፤ ሊጡን ባቀጥነው ግን ሰው ችሎ ይበላል» አሉኝ። የእንጀራው ዋጋ ባለበት ቆየ፤ እንጀራው ግን ሳሳ።

በዚያ ቡሃቃ ውስጥ ያለው ነገር የአንድ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጤፉ የአገር ውስጥ እህል ነው። ሩዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከህንድ በመርከብ ጂቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በተሳቢ ተጭኖ በሞጆ በኩል ወደ እኛ ይመጣል። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ሰፈራችን አጠገብ ስለሆነ፣ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጂቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። የከባድ መኪኖቹን ድምፅ እየሰማን ነው የምንተኛው። ከህንድ የተነሣው ያው ሩዝ ጂቡቲ ከተማ ውስጥም ይበላል፤ ሞቃዲሾም ሞምባሳም ይራገፋል። ታዲያ አንድ ዓይነት ሩዝ፣ አንድ ዓይነት ነዳጅና አንድ ዓይነት የምግብ ዘይት የሚገዙ ጎረቤታሞች፣ አንድ ዓይነት ቀውስ በደረሰባቸው ጊዜ፣ አንዱ የ5 በመቶ ሌላው ከ100 በመቶ በላይ ግሽበት የሚያስመዘግቡት ለምንድን ነው?

ስለ ኑሮ ውድነት በተነሣ ቁጥር በታክሲውም በለቅሶ ቤቱም ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው «ዓለም ሁሉ ተወዶበታል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ኬንያ እንኳ እንዲህ አልሆነችም» ይላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ይስቱታል። የግሽበት ቁጥር የሚለካው ቀውሱን ሳይሆን በአብዛኛው ገንዘቡን ነው። ድርቅ፣ የሩቅ አገር ጦርነት ወይም የመርከብ ኪራይ መወደድ የአንዳንድ ዕቃዎችን ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ያ ጭማሪ አንድ ጊዜ መጥቶ ይረጋ ወይም ከዕቃ ወደ ዕቃ፣ ከዓመት ወደ ዓመት እየተዛመተ ይቀጥል እንደሆነ የሚወስነው ግን ቀውሱ ያረፈበት አገር ገንዘብ ይዞታ ነው። ስለዚህም ዝቅተኛ የግሽበት ቁጥር ያለው አገር ሕዝቡ ጠግቦ ያደረበት አገር ነው ማለት አይቻልም።

መነሻውን እናስታውስ። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የእህል፣ የዘይትና የማዳበሪያ ገበያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተናወጠ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በየወሩ የሚያወጣው የምግብ ዋጋ መለኪያ በተከታዩ ወር ወደ 160 ነጥብ ደርሶ እስከዚያ ጊዜ ታይቶ የማይታወቅ ከፍታ ላይ ወጣ፤ ማነጻጸሪያው እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 የነበረው አማካይ ሲሆን እሱ 100 ተብሎ ነው የሚቆጠረው። በሚያዝያ ወር ደግሞ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ለሳምንታት አገደች። በእኛ አካባቢ ላይ የምሥራቅ አፍሪካው ድርቅ ተደረበ፤ ቦረናን፣ የሶማሌ ክልልን፣ ሰሜን ኬንያንና ሶማሊያን አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከዷቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጠቅላላው፣ እንደ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አኃዞች፣ አማካይ ግሽበት በጂቡቲ 5 በመቶ ገደማ፣ በሶማሊያ ወደ 7 በመቶ፣ በኬንያ ከ7 ተኩል በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ፣ በኢትዮጵያ 34 በመቶ ገደማ፣ በሱዳን ደግሞ ከ100 በመቶ በላይ ነበር። ኤርትራ ናቅፋን ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በ15 ለአንድ ዶላር አስራ የያዘች ስትሆን፣ የዋጋ መረጃ በመደበኛነት ስለማታወጣ ከንጽጽሩ ውጭ ትሆናለች።

ከዝቅተኞቹ እንጀምር። የጂቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ለአንድ ዶላር ቆሟል። ይህ በቃል ብቻ የተገባ ነገር አይደለም፤ ማዕከላዊ ባንኩ ያወጣውን ፍራንክ የሚሸፍን የውጭ ምንዛሪ መያዝ ስላለበት፣ መንግሥት ገንዘብ ባጠረው ቁጥር እያሳተመ ሊያወጣ አይችልም። የዓለም ስንዴ ሲወደድ ጂቡቲ ላይም ይወደዳል፤ የዓለም ስንዴ ሲረጋ እዚያም ይረጋል። በሶማሊያ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈረሰ ወዲህ ማዕከላዊ ባንኩ አዲስ ሽልንግ አላወጣም፤ ገበያው የሚሠራው በዶላር፣ ያውም በአብዛኛው በስልክ በሚተላለፍ ዶላር ነው። አንዲት የሞቃዲሾ ባለ ሱቅ ዱቄት ስትገዛም ስትሸጥም በዶላር ስለሆነ የሚደርስባት የዓለም ዋጋ ጭማሪ ብቻ ነው፤ የገንዘብ መውደቅ የሚባለው ሁለተኛው ጭማሪ አይደርስባትም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሶማሊያ የግሽበት ቁጥር ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከየትኛውም ጎረቤት ይልቅ በግልጽ የምታሳይ አገር ናት። በዚያ ዓመት ግሽበቷ ወደ 7 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ባይደዋ አካባቢ የረሃብ ደወል ተደውሎ ነበር፤ በኋላ የወጣው የባለሙያዎች ግምት እንደሚያሳየው ድርቁ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 43,000 የሚጠጉ ሰዎችን ሕይወት ሳይቀጥፍ አልቀረም፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ግመሉና ፍየሉ የሞተበት አርብቶ አደር ችግሩ የማሽላ ዋጋ በ7 በመቶ መጨመሩ አልነበረም፤ ችግሩ የሚሸጠው ነገር ማጣቱ ነው። ግሽበት የሚለካው ገዢው የሚከፍለውን ዋጋ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ አይጠይቅም። ይህን ሳስብ «የእገሌ አገር ግሽበት ዝቅተኛ ነው» የሚለው ወሬ በግድየለሽነት ሲነገር ያመኛል።

የኬንያ ጉዳይ ከሁለቱ የተለየ ነው፤ ኬንያ የራሷ ገንዘብ አላት፣ ሽልንጉም ይወጣል ይወርዳል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የበቆሎ ዱቄት ዋጋ ናይሮቢ ላይ እጅግ ስለናረ መንግሥት የሁለት ኪሎውን ከረጢት ለጥቂት ሳምንታት በ100 ሽልንግ እንዲሸጥ ደጎመ። ግሽበቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ገደማ 9.6 በመቶ ደርሶ ከዚያ በላይ አላለፈም። ያላለፈበት ዋና ምክንያት በእኔ ግምት ድጎማው አይደለም። ማዕከላዊ ባንኩ ግሽበትን ከ2 ተኩል እስከ 7 ተኩል በመቶ ባለው ክልል ውስጥ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ይህንን ነጋዴውም፣ ባንኩም፣ ሠራተኛውም ያውቃል። ስለዚህ ዋጋ ከክልሉ ሲወጣ ባንኩ የወለድ መጠኑን ከ7 በመቶ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ገደማ 13 በመቶ አደረሰው። ሽልንጉ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ለአንድ ዶላር ወደ 160 ወርዶ ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር። በሰኔ ወር መከፈል የነበረበት የ2 ቢሊዮን ዶላር ዓለም አቀፍ ብድር በአዲስ ብድር መሸፈኑ ሲታወቅ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 130 ገደማ ተመለሰ። ግሽበቱም እ.ኤ.አ. 2024 ከማለቁ በፊት ከ3 በመቶ በታች ወረደ።

ይህ ማለት ግን ኬንያዊው ተመችቶት ኖረ ማለት አይደለም። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን አንሥቶ በነዳጅ ላይ ያለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ ከፍ አድርጓል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወጣቶች የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን ተቃውመው ናይሮቢን ያናወጡት ግሽበቱ 5 በመቶ እንኳ ባልሞላበት ወር ነበር። እዚያ ችግሩ የመጣው በግብር በኩል ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በዋጋ በኩል። መንግሥት ለቀውስ የሚከፍለውን ገንዘብ ከአንድ ቦታ ማምጣት አለበት፤ በግልጽ በግብር ካላመጣው በስውር በግሽበት ያመጣዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ግሽበት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር 37.2 በመቶ ነበር፤ የምግቡ ብቻ ሲታይ ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ። የዩክሬን ጦርነት ያኔ ሦስት ወር ብቻ ነው የሆነው። ግሽበታችን ግን ከዚያ በፊትም ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ የሩቁ ጦርነት በእሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረ እንጂ እሳቱን አልለኮሰውም። እሳቱ ቀድሞ የተለኮሰው በሦስት ቦታ ነው፦ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት የበጀት ጉድለቱን አሰፋው፤ መንግሥት ጉድለቱን ከሸፈነባቸው መንገዶች አንዱ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደር ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ደግሞ በባንኩ ተመንና በጥቁር ገበያው መካከል ያለውን ልዩነት ወደ እጥፍ አደረሰው። አስመጪው ከባንክ ዶላር ለማግኘት ወራት ሲጠብቅ ኖሮ፣ ሲሰለቸው ከጥቁር ገበያ ይገዛል፤ ዕቃውንም በዚያው ዋጋ ያወጣል። ባንኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው 50 ብር ከጥቂት ሳንቲም ቱሉ ዲምቱ ያለውን ሱቅ አያውቀውም ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል የጤፍ ነገር ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከተከለከለ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከውጭም አይመጣም። ታዲያ ከዓለም ገበያ ጋር የማይገናኝ እህል በዓለም ቀውስ ጊዜ ለምን ይወደዳል? በ2015 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ የአንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ዋጋ አዲስ አበባ ውስጥ 10,000 ብር ገደማ ደርሶ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ጣቱን በደላላው፣ በኬላውና በአከማቹ ላይ ቀሰረ። ኬላው በእርግጥ ነበር፤ መንገዱም ሰላም አልነበረም፤ በቀጣዩ ክረምት ጎጃም ውስጥ ግጭቱ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ከፋ። ይሁን እንጂ ከጀርባው ሌላ ሰንሰለት አለ። ማዳበሪያው ከውጭ ይገዛል። ከአድአና ከጎጃም የሚጭነው መኪና የሚጠጣው ናፍጣ ከውጭ ይመጣል። ጤፍ ሲወደድ ሰው ወደ ስንዴና ወደ ሩዝ ይሸሻል፤ ሩዝና ስንዴ ሲወደዱ ደግሞ ተመልሶ ወደ ጤፍ ይጠጋል። ህንድ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስታግድ፣ የእኛ ሰፈር ሊጥ ግማሹ ሩዝ ነበርና፣ ዴልሂ ላይ የተላለፈው ውሳኔ ቱሉ ዲምቱ ምጣድ ላይ ደረሰ። ጤፍ ድንበር አይሻገር እንጂ ዋጋው በሩዝ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ይሻገራል።

ከሁሉ በላይ ግን ገበሬው ብርን እንደ ቀድሞው አያምነውም ነበር። ይህንን ለማየት አንድ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። በእነዚያ ዓመታት የባንክ ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። አንድ ሰው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ 100,000 ብር ባንክ አስቀምጦ ሦስት ዓመት ቢጠብቅ ከወለዱ ጋር 122,500 ብር ገደማ ያገኛል። በዚያው ሦስት ዓመት ግሽበቱ በቅደም ተከተል ወደ 34፣ 30 እና 21 በመቶ ስለነበረ፣ ያኔ በ100,000 ብር ይገዛው የነበረውን ዕቃ ለመግዛት 210,000 ብር ገደማ ያስፈልገዋል። ቆጣቢው ግማሹን ሊያጣ ትንሽ ነው የቀረው። ይህንን የሚያውቅ ገበሬ ጤፉን ሸጦ ብር ከሚያስቀምጥ ጎተራው ውስጥ ቢያቆየው፣ የከተማው ሰው ደግሞ ብሩን በብረት፣ በቆርቆሮ፣ በሲሚንቶና በቦታ ቢለውጠው ማን ይፈርድበታል? «አከማች» ብለን የምንወቅሰው ብዙ ሰው በእርግጥ ከሚሸረሸር ገንዘብ የሚሸሽ ሰው ነው። የሁሉም መሸሽ ሲደመር ግን ዋጋውን ራሱ ይገፋዋል፤ ግሽበት ዓመት የሚሻገረው እንዲህ ነው።

ከኬንያ ጋር ያለን ልዩነት በአንድ ዓመት ቁጥር ሳይሆን በድምሩ ነው ጎልቶ የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2020 በ100 ብር ይገዛ የነበረ አማካይ የዕቃ ስብስብ በ2024 ወደ 270 ብር ገደማ ደርሷል፤ ኬንያ ውስጥ በ100 ሽልንግ ይገዛ የነበረው ደግሞ ከ130 ሽልንግ አላለፈም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ዶላር ከ40 ብር በታች ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከ120 በላይ ሆነ። ሽልንጉ በዚያው ጊዜ ከ109 ገደማ ወደ 129 ገደማ ነው የወረደው። ሁለቱም አገሮች ወረርሽኙን፣ ድርቁንና የዩክሬኑን ጦርነት በአንድ ጊዜ አስተናግደዋል። እርግጥ ኬንያ የእኛን ዓይነት የእርስ በርስ ጦርነት አላስተናገደችም፤ ይህ ከባድ ልዩነት ስለሆነ ሊዘነጋ አይገባም። ሆኖም ጦርነቱ ራሱ ወደ ዋጋ የገባው በአብዛኛው በበጀቱና በገንዘቡ በኩል ነው።

ይህ መንገድ እስከ ጥጉ ሲሄድ የት እንደሚያደርስ ሱዳን ታሳያለች። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ስትገነጠል ካርቱም ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛውን አጣች፤ ወጪዋ ግን አብሮ አልተቀነሰም። ጉድለቱ ለዓመታት ገንዘብ በማተም ሲሸፈን ኖሮ፣ በ2013 ዓ.ም. የካቲት ላይ የአንድ ዶላር ይፋዊ ምንዛሪ ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ተወረወረ፤ በዚያው ክረምት ዓመታዊ ግሽበቱ ከ420 በመቶ በላይ ሆነ። የሚያስቆጨው፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየወረደ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ላይ ከ100 በመቶ በታች ገብቶ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ሁሉም ነገር ተበተነ፤ የዋጋ መረጃ መሰብሰቡ ራሱ ለወራት ተቋረጠ። ከጦርነቱ በፊት 600 ፓውንድ ገደማ የነበረው ዶላር በትይዩ ገበያ ከ2,000 በላይ ሄደ። የሠራዊቱ ወገን አዲስ የገንዘብ ኖት ሲያወጣ በተቀናቃኙ ኃይል የተያዙት አካባቢዎች በአሮጌው ስለቀሩ አንድ አገር በሁለት ገንዘብ ተከፈለ። በመተማ በኩል ተሰደው የመጡ ሰዎች ይዘውት የገቡት ፓውንድ በእጃቸው ላይ ያለቀባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጁባም ይህን ቀድማ ቀምሳዋለች፤ ምንዛሪዋን ከለቀቀች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ አካባቢ፣ ግሽበቷ ከ800 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር።

እነዚህ ገንዘቦች በድንበር ተከልለው ለየብቻ ቢሆኑ ጉዳዩ ይቀል ነበር። ነገር ግን ድንበሮቻችን ለዕቃ ክፍት ናቸው፤ ዕቃ ደግሞ ገንዘቡ ወደ በረታበት ይፈስሳል። ነዳጅ በመንግሥት ድጎማ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ከቦቴ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል በአህያና በባጃጅ ወደ ጎረቤት አገር ይወጣ ነበር፤ ቤንዚን በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሊትር ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲጨምር ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን ተሻገረ። በከብትም ያው ነው። ብር ሲወርድ አንድ የቦረና ሰንጋ በሞያሌ በኩል ተሻግሮ በሽልንግ ቢሸጥ ለባለቤቱ ይሻለዋል፤ ከሐርጌሳ በበርበራ ወደ አረብ አገር ቢላክም እንዲሁ። ለፋሲካ ቅርጫ ለመግባት ገንዘብ የምናዋጣ የብሎካችን ነዋሪዎች፣ ዓምና ስምንት ሆነን የገዛነውን በሬ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ሆነን ስንገዛ፣ ሳናውቀው ከሞያሌና ከበርበራ ገዢዎች ጋር እየተጫረትን ነው። ጂቡቲያዊው ሸማች ደግሞ በተቃራኒው፣ የእኛ ብር በወረደ ቁጥር ከእኛ የሚሄደውን ሽንኩርትና ቲማቲም በፍራንክ ርካሽ ያገኘዋል። የእኛ ግሽበት በከፊል የጎረቤት እፎይታ ሆኖ ይሻገራል ማለት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችን የሱዳንን የ2013 ዓ.ም. ታሪክ አስታውሰን ፈርተን ነበር። አንድ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ግሽበቱ ግን እንደ ሱዳን አልፈነዳም፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወደ 20 በመቶ የነበረው በዓመቱ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። አንዱ ምክንያት አስቀድሜ የጠቀስኩት ነው፦ ብዙው ዕቃ ቀድሞውንም በጥቁር ገበያው ዋጋ ይሸጥ ስለነበር ይፋዊው ተመን የተጠጋው ገበያው ወደነበረበት ነው። ሌላው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በ14 በመቶ መገደቡና መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደሩን ማቆሙ ነው። ካርቱም ምንዛሪዋን ስትለቅ የማተሚያውን ማሽን አላቆመችም ነበር። ይህ ልዩነት በእኔ እምነት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ጸንቶ ይቆይ አይቆይ ደግሞ በየቀኑ ልንከታተለው የሚገባ ነገር ነው።

ሆኖም 14 በመቶ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ 270 ከደረሰው ላይ ሌላ 14 በመቶ ተጨመረበት ማለት ነው። ይህ የተማረውን ሰው እንኳ የሚያደናግር ነገር ስለሆነ መገናኛ ብዙኃን «ግሽበት ቀነሰ» ብለው ሲያውጁ ቢያብራሩት መልካም ነበር። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛውን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጓል፤ ጭማሪው 26 በመቶ ነው። ለአንድ ዓመት ግሽበት ከበቂ በላይ ነው፤ ለአራቱ ዓመት ድምር ግን አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሆንም። የግል ሠራተኛው ደግሞ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለው የሚያገኘው ከቀጣሪው ጋር ተደራድሮ ያገኘውን ብቻ ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደረው የኮዬ ፈጬና የገላን ነዋሪ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስሙም አይነሣ።

ባለፈው ሳምንት እንጀራ ልገዛ ስወርድ እናታችን ሬዲዮ ከፍተው እየጋገሩ ነበር። ዜናው ስለ ግሽበት መቀነስ ያወራል። «ቀነሰ ይላሉ፤ ምኑ ነው የቀነሰው?» ብለው ጠየቁኝ። የሚጨምርበት ፍጥነት መሆኑን፣ ዋጋው ራሱ ግን አለመመለሱን በምችለው መንገድ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው የዘንድሮው ጤፍ ከዓምናው ብዙ ካልራቀ እኮ ሩዙን ላወጣው እችል ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን መርካቶ እህል በረንዳ ሄጄ ልየው» አሉ። አክንባሎውን አንሥተው አንድ እንጀራ አወጡ፤ ዳር ዳሩ አሁንም ነጣ ያለ፣ ግማሹ ሩዝ ነው።